ለዓሣ መሥሪያ ቤት በውሰት የተሰጠ ቀያሽ

በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የውሰት ደብዳቤዬን ይዤ ባሕር ዳር ከሚገኘው የዓሣ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሙያዬ የመሬት ቅየሳ ነው፤ ያን ጊዜ በሥራው ላይ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ደብዳቤው «ለልምድ ልውውጥ፣ ለሦስት ወር» ይላል። የምን ልምድ እንደሆነ፣ ከማን ጋርም እንደምለዋወጥ አይናገርም። የመሬት መሥሪያ ቤት አለቃዬም ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብሎ ሰጠኝ እንጂ አላብራራልኝም።

የዓሣ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምናሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። እሳቸው የጠየቁት የኮምፒዩተር ባለሙያ እንደነበር ነገሩኝ። ኮምፒዩተር እችል እንደሆን ጠየቁኝ፤ የካርታውን ፕሮግራም ብቻ እንደምችል መለስሁ። ስለ ዓሣስ ምን ታውቃለህ አሉኝ። መብላቱን አልሁ። አልሳቁም።

ወንበር ተሰጠኝ፣ ጠረጴዛ ግን አልነበረም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ሳይ ሰነበትሁ። ባለጉዳዮች ወረፋ የምጠብቅ መስሏቸው ከኋላዬ ይሰለፉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከመረብ ተቆጣጣሪዎች ጋር ጀልባዎች ከሚቆሙበት ዳር ተላክሁ። የመረብ ቀዳዳ «ዓይን» ይባላል። ዓይኑ ከተወሰነው ልክ ካነሰ ገና ያላደገ ዓሣ ስለሚይዝ መረቡ ይወረሳል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መለካት እንጀራዬ ነው። ማስመሪያዬን አወጣሁና መሬት ላይ የተዘረጋ አንድ መረብ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ለካሁ። ደንቡ ከሚለው ግማሽ ብቻ ሆነ። ሌላ ቦታም ለካሁ፤ ያው ነው። ይህ መረብ ይወረስ አልሁ።

የመረቡ ባለቤት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። አልተቆጡም። አጎንብሰው መረቡን አነሡና አንዱን ዓይን ጎንና ጎኑ እስኪገጥም ድረስ በሁለት አውራ ጣታቸው ወጠሩት።

«ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ተኝቶ ከለካኸው ሁሉም ትንሽ ነው።»

አብሮኝ የነበረው ተቆጣጣሪም እውነታቸውን ነው አለ። ወጥሬ ስለካው ልክ ሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሃያ አንድ ዓመት ሰፋፊ መሬት ስለካ ኖሬ መዳፍ በማይሞላ ነገር መሳሳቴ ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ጋሽ እንድሪስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አልነፈጉኝም። አባታቸውም እሳቸውም በጣና ላይ ዓሣ ሲያሠግሩ፣ የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ከሌላው የምለይበትን አሳዩኝ። አምባዛ በክረምት፣ ውሃው ሣሩ ላይ ሲወጣ፣ እዚያው ሣር ውስጥ እንቁላሉን እንደሚጥል የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁ። ለምን እንደምጽፈው ግን አላውቅም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ወደ ካርታዬ የምመለስ ሰው ነኝ።

በመስከረም አጋማሽ ጋሽ እንድሪስ አቤቱታ ይዘው መጡ። ከሐሙሲት መንገድ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ፣ ጀልባቸውን የሚያወጡበት ዳር በአጥር ተዘግቷል። አጥሩ የቆመው ዓሣ ከሚራባበት ሣር ላይ ነው። አቶ ምናሉ አቤቱታውን አንብበው ወደ እኔ ዞሩ። የመሬት ሰው አይደለህ፣ ሂድና እይ አሉኝ። እዚያ ቤት ለምን እንደተቀመጥሁ ያወቀ ሰው ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ከጋሽ እንድሪስ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ጀልባ ሄድን። የባሕር ዛፍ አጠናና እሾህ ያለው አጥር ከደረቁ መሬት ተነሥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሱሪዬን ጠቅልዬ ወረድሁ። ከአጥሩ ጥግ የሲሚንቶ ችካል አለ፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር ለማየት አጎነበስሁ።

ጽሑፉ የእኔ ነበር።

መጀመሪያ አላመንሁም። ቀና ብዬ አካባቢውን አየሁ፤ አላወቅሁትም። ከዚያ በስተጀርባ ያለችውን ዋርካ አየሁና ሁሉም ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ነው የለካሁት። ያን ጊዜ ባሕሩ ርቆ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ የሽምብራ ገለባ ተበትኖበታል። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን እንዲህ ያለ መሬት ሰዉ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። እኔ አራት ችካል አስተከልሁ፣ ልኬቱ ገጠመልኝ፣ የይዞታ ደብተሩ ተሠራ። ውሃው ተመልሶ የት እንደሚደርስ አልጠየቅሁም። ጠይቅ ያለኝም አልነበረም።

ጋሽ እንድሪስ ምን ዓይነት ቁጥር ነው አሉኝ። የመሬት መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው አልሁ። ውሸት አልነበረም፤ የእኔ ጽሑፍ መሆኑን ግን አልጨመርሁም። ልንገራቸው? በዓሣ መሥሪያ ቤት ጀልባ መጥቼ የመሬት መሥሪያ ቤትን ጥፋት ላውራ? ዝም ልበል? ዝም ካልሁስ ምን ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ?

ይህን ሳሰላስል የመሬቱ ባለይዞታ ወይዘሮ የሺሐረግ ከላይ ወረደች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ሴት ልጆች የምታሳድግ ገበሬ ናት። ገና ከሩቅ ለየችኝ፤ ፊቷ በራ።

«እንዴት ከረሙ፣ ጌታዬ» አለችኝ። «እግዜር ነው ያመጣዎ። ይህን መሬት የለኩልኝ እርስዎ አይደሉም? ለእነዚህ ሰዎች ይንገሩልኝ እንጂ።»

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ አሁን የማን ሰው ነህ?» አሉኝ።

«እኔም አላወቅሁም፣ ጋሼ» አልሁ።

የችካሉን ቁጥር በደብተሬ ገልብጬ ወደ ጀልባው ተመለስሁ።

በማግስቱ ለአቶ ምናሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሪፖርቱን ሌላ ሰው ይጻፈው ወይ አሉኝ። እኔው እጽፋለሁ አልሁ። ለመሬት መሥሪያ ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ ሳረቅ «እኔ ራሴ በግንቦት ወር ለክቼ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። አቶ ምናሉ በእስክሪብቶ ሰረዙት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «እኔ» አይልም አሉ። «ልኬቱ የተከናወነው ውሃው በሸሸበት ወቅት በመሆኑ» ብለው አስተካከሉት፣ ፈረሙበት፣ ተላከ። ማን እንደለካው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። መገላገሌ ይሁን ማፈሬ አልለይ አለኝ።

በጥቅምት ማለቂያ ውሰቴ አልቆ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ቀን አለቃዬ ጠራኝና አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። የዓሣ ሰዎች በማያገባቸው ገብተው ጽፈውብናል፣ ልኬታችን ትክክል መሆኑን የሚገልጽ መልስ አዘጋጅ አለኝ። አየሁት፤ ያው የእኔው ደብዳቤ ነው።

«ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «የለካሁትም እኔ ነኝ። ልኬቱ ስሕተት ነው።»

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። እዚያ በነበርሁ ጊዜ ሥራዬ ያ እንደነበር ነገርሁት። አሁንስ ሥራህ ምንድን ነው አለኝ። ወጥተን እንደገና እንለካ አልሁ። ሦስት ቀን አሰበበትና ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ባሉበት ይሁን ብሎ ፈቀደ።

በኅዳር ወጣን። ውሃው መሸሽ ጀምሮ ነበር። የዓሣ አሥጋሪዎቹም የገበሬዎቹም ሽማግሌዎች አብረው እየሄዱ ባሕሩ የሚደርስበትን አሳዩን፤ የደረቀ ደንገልና ደለል መስመር ሠርቶ ተቀምጧል። ሳይጣሉ ጨረሱ። ችካሎቹን አስነሥቼ ከመስመሩ በላይ አስተከልሁ። ከወይዘሮ የሺሐረግ መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ከደብተሩ ወጣ። ምትክ አልተገኘላትም። የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራዋን እንድትዘራ፣ እንዳታጥር፣ የጀልባውንም መውጫ ክፍት እንድትተው ወሰነ። ጋሽ እንድሪስ ለሦስቱ ልጆቿ ሲሉ ተስማሙ፤ ፈረሙ። እሷም ፈረመች።

ዕቃችንን ስንሰበስብ ወደ እኔ መጣች።

«የሰጡኝም እርስዎ፣ የወሰዱብኝም እርስዎ» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይላኩልኝ።»



በዚያ ዓመት አለቃዬ በሥራ አፈጻጸሜ ላይ የመሥሪያ ቤቱን አቋም አልጠበቀም ብሎ ጻፈብኝ፤ ነጥቤም ወረደ። አቶ ምናሉ ደግሞ የምስጋና ደብዳቤ ላኩልኝ። ሁለቱም የመጡት ስለ አንድ ሥራ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከፋይሌ ውስጥ የትኛውን ከላይ እንደምታደርግ ጠየቀችኝ። በመጡበት ቀን ቅደም ተከተል አድርጊው አልኋት።

ዛሬም ወጣት ቀያሾች ለውሰት ሲላኩ ምን እንደሚሠሩ ይጠይቁኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ፤ እኔም የላከኝም አናውቅም ነበር። የማውቀው ይህን ነው፦ የሐይቅ ዳር መሬት ስትለኩ በግንቦት ያያችሁትን ብቻ አትመኑ። በመስከረም ውሃው የት እንደሚደርስ እዚያ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ። እስክትጠይቁ ድረስ ችካል አትትከሉ።