እስከ አክስቴ ደጅ የወሰደኝ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ አባቴ አንድ ማለዳ ፀጉሬን ቅቤ ቀብተው «አክስትሽን ጠይቀን እንምጣ» አሉኝ። የአክስቴ አገር ከደምበጫ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ፣ ያውም ሽቅብ። ሰባት ዓመቴ ነበር።

ያኔ የአባቴን ያህል ተረት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ምድጃው ዳር ተቀምጠው ፍም ከመቆስቆስ በቀር አይናገሩም ነበርና፣ የጽድ ጫካው ውስጥ ገብተን እግሬ ሲዝል «ድምፁ የጠፋበት አንበሳ ነበር» ብለው ሲጀምሩልኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። አንበሳው ከደጅ ደጅ ዞረ፤ ፍየል የራሷን ድምፅ አዋሰችው፤ በእሱ ቢያገሳ ዝንጀሮዎች ሳቁበት። አባቴ እንደ ፍየል እየጮኹ፣ እኔ እየሳቅኩ ወጣን። ጽዱ አልቆ የአስታ ዛፉ ጫካ፣ አስታው አልቆ ጭጋግ የተኛበት የጓሳ ግጦሽ መጣ፤ ከብቶች ቀና ብለው አዩን፤ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

«አባየ፣ ከዚያስ?»

«እስቲ ያችን ዳገት እንውጣና» ይላሉ።

አክስቴ ቤት ስንደርስ እርጥብ እንጨት እየነደደ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ትኩስ ድንች በላሁና እሳቱ ዳር እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አባቴ የሉም። ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከታች ግጦሹን ጨርሰው ወደ አስታው ሊገቡ ነው። «አባየ!» ብዬ ጮህኩ። ቆም አሉ። ሳይዞሩ ቆሙ፤ ከዚያ ጫካው ዋጣቸው።

«አልነገረሽም እንዴ?» አሉኝ አክስቴ ከኋላዬ። «ሚስት ሊያገባ ነው እኮ። ከእንግዲህ ቤትሽ ይኸው ነው።»

ዘጠኝ ዓመት እዚያው ኖርኩ። አክስቴ ክፉ አልነበሩም። አባቴም በዓመት አንዴ ብቅ ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ተረት ንገሩኝ ብዬ አላውቅም።

አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አምና አባቴ ለሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ቀን ሾርባ እያቀረብኩላቸው «አባየ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

ማንኪያውን አነሱ። «ብነግርሽ ትራመጅልኝ ነበር?»

«አልራመድም።»

«ይኸው ነዋ።»

ይቅርታ የሚመስል ቃል ስጠብቅ፣ ሾርባውን ቀምሰው ጨው እንዳነሰው ነገሩኝ።

ሰዎች በልጅነታቸው ስለሰሙት ተረት ሲያወሩ ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ፤ እቀናለሁም። እኔ ዘንድ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ልጄን ለክትባት ስወስዳት ገና ከቤት ሳንወጣ «መርፌ ነው፤ ያማል» እላታለሁ። መንገዱን ሙሉ ታለቅሳለች። ሰው ዞሮ ያየኛል፤ አንዳንዱም «ምናለ ብታባብያት?» ይለኛል። አላባብላትም። የት እንደምትሄድ አውቃ ታልቅስ።