ሽቦ የዋጠው ባሕር ዛፍ

ጋሼ ባህረዲን መርካቶ አጠና ተራ ሲገቡ ጢም አላበቀሉም ነበር፤ አሁን ጢማቸው ነጭ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና ካዩ ከየት አገር እንደመጣ ሳይጠይቁ ይናገራሉ። ያን ማለዳ ሹፌሩ ሙናዊር ከአይሱዙው ያራገፈውን ግን አላወቁትም። አንዱ ወገቡ ላይ ተጣሟል፤ ሌላው ጫፉ መንታ ነው።

«ቀስት ልትሸጥ ነው የመጣኸው?» አሉት።

ጎረቤታቸው ነጋዴው ይመር ሳቀ። «ለክብ ጎጆ ነዋ፣ ጋሼ። ጎብጦ የመጣ ነው፣ ድካም የለውም።»

«ያበቀለው ሰውዬስ ዓይን የለውም?»

ሙናዊር ገመድ መጠቅለሉን ተወ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ነው። ሪሃና ነች ያስጫነችኝ።»

የይመር ሳቅ ተቋረጠ። የባህረዲን እጅ ጎባጣው ላይ እንዳረፈ ቀረ።

ሪሃና ልጃቸው ናት። ስልጤ ያለውን ማሳ የምትይዘው እሷ ናት፤ ማሳው ድሮ ቀጥ ባለ ዛፉ ይታወቅ ነበር። እሳቸው ከዚህ ሆነው በየዓመቱ የሚያዙት አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ያለው ይቆረጥ፣ ጠማማው ለዘር ይቅር። ጠማማ ማን ይገዛል? ቅርንጫፉም ዝቅ ስለሚል ፍሬው ለለቀማ ይመቻል። ከዚያ ዘር ከበቀለውም ደህና ደህናው ለመርካቶ ሄደ፤ የቀረው እንደገና ወለደ።

ባለቤታቸው ሐጀራ ነግራቸው ነበር። «ምርጡን ኮርማ እያረድክ ከመናኛው ታስወልዳለህ?»

«ዛፍ ከብት ነው እንዴ?» ብለው አለፏት።

እሷም ሳትጨቃጨቅ ከጓሮ አንድ ቀጥ ያለ ዛፍ ለዘር ለየችና የልብስ ማስጫ ሽቦ አሰረችበት። ልብስ የሚሰጣበትን ማን ይቆርጣል? ከሞተች ይኸው ሁለተኛ ክረምቷ ነው።

«አንድ ደህና አለ» አለ ይመር፣ ከሥር ረጅም እንጨት እየጎተተ። «ለምሰሶ የሚፈልግ ደንበኛ አለኝ።»

እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው። ባህረዲን ዳሰሱት። ከወፍራሙ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ እንጨቱ የዋጠው የዛገ ሽቦ ብቅ ብሏል።

ስልካቸውን አወጡ። ወዲያው ደወሉ።

«ሪሃና፣ የእናትሽን ዛፍ?»

«አባ፣ ቀጥ ያለው ሁሉ ይቆረጥ ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

«ጉቶውስ?»

«ሠራተኞቹ ለማገዶ እየነቀሉት ነው።» ከኋላዋ የዶማ ድምፅ ይሰማል።

የዛፉ ዘር ከጠማማ ጎረቤቶቹ ጋር ተዳቅሏል፣ ግማሹ የነሱ ነው። ጉቶው ቢያቆጠቁጥ ግን የሚወጣው ያው ራሱ ዛፉ ነው።

«አስቁሚያቸው፣ ልጄ።»

ስትሮጥ ትንፋሿ ተሰማ። ዶማው ዝም አለ።

«ባንድ ወገን ሥሩ ተቆርጧል፣ አባ።»

«በሌላውስ?»

«አለ።»

«አፈር መልሱበት። ከብት እንዳይደርስበት ይታጠር። ለማጠሪያ ይህን ጎባጣውን ሁሉ በሙናዊር እመልሰዋለሁ።»

ይመር ምሰሶውን ለደንበኛው ሊያነሳ ዞር ሲል ባህረዲን ተቀምጠውበታል።