የመምህርቷ መኪና ለምን ተንቀጠቀጠች

ባለቱቦው የሚባለው መካኒክ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከኪሱ ከማትጠፋ፣ ክንድ ከምታህል የጎማ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ከሩቅ ላየው መኪናዋን ‹‹እስኪ በረጅሙ ተንፍሺ›› የሚላት ይመስላል።

ከደንበኞቹ አንዷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። መኪናቸው ከብዙዎቻችን በዕድሜ ትበልጣለች፤ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉላት ካርቡሬተሮችም ሁለት ናቸው። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ሲለግም፣ ሞተሩ ሰላም የለውም። ባለቱቦው ሁለቱን ሲያስማማ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ሌላ ባለሁለት ካርቡሬተር መኪና የሚያመጣለት ሰው ዛሬ የለም።

ዘንድሮ ግን መኪናዋ እምቢ አለች። ስትነዳ ደህና ነች፤ ቆም ስትል ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። በሁለት ሳምንት ሦስቴ ተመላለሰች። በሦስተኛው መምህርቷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለች ዋናው መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ ሁለቱንም ካርቡሬተሮች ነቅሎ አንድ አዲስ ሊገጥምላቸው እንደሆነ ነገሩት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህን ሲናገሩም ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር። እሱም ገብቶታል። ሁለቱ ከተነቀሉ ያቺ ቱቦ አትክልት ማጠጫ ከመሆን አታልፍም፤ አጭር ስለሆነች ለዚያም አትበቃም።

እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጣ፤ ንጹሕ ናቸው። እሳቱ በሰዓቱ መድረሱን ለካ፤ ልክ ነው። በስርቆት የሚገባ አየር ይኖር እንደሆነ ብሎ መጋጠሚያዎቹን ዙሪያውን ዘይት ቀባ፤ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም። ቤንዚኑን ወቀሰ። ቤንዚኑ መልስ ሲያጣለት የአየሩን ጠባይ ወቀሰ። ከዚያ ቱቦዋን አወጣና፣ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዱ፣ ለቀኙ ካርቡሬተር ቀኝ ጆሮውን፣ ለግራው ግራ ጆሮውን ሰጠ። የግራው ድምፅ አነሰበት። ብሎኑን ነካ አድርጎ አየር ጨመረለት፤ አሁን እኩል ሆኑ። መኪናዋ ግን ይብሱን ተንቀጠቀጠች።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሳህን ይዛ መጣች። በግራው ቆማ እጁን እንዲታጠብ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ዝም። ዞራ በቀኙ መጣችና በሹክሹክታ ‹‹አንተ ደረቅ›› አለችው።

‹‹ማን ነው ደረቅ?›› አለ ወዲያው።

ሳህኑን አስቀመጠች። ‹‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያንተ ግራውማ ከቤት ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። አልጋ ላይ ቦታ የቀየርኩት ለምን መሰለህ?››

‹‹ለመስኮቱ ብለሽ አልነበር?››

‹‹መስኮቱ ምን ይመልስልኛል። በቀኝህ ስተኛ ነው የምትሰማኝ።››

ባለቱቦው ምሳውን ትቶ ሞተሩን አስነሣ። ሁለቱንም በቀኝ ጆሮው አዳመጠ። የግራው ካርቡሬተር እንደ ወንዝ ሙላት ይጮኻል፤ ምንም ላልጎደለው ነው አየር ሲጨምርለት የሰነበተው። ብሎኑን ቀስ እያለ መለሰ። መንቀጥቀጡ ረገበ፣ ከዚያም ጠፋ። ደስ ይለዋል ስትሉ፣ እሱ መከለያው ላይ ተደግፎ ግራ ጆሮውን ሲያሻሽ ቆየ።

ዓርብ መምህርቷ መጡና ሞተሩን አዳመጡ። ምን ሆና እንደነበር ጠየቁት። ‹‹ቆሻሻ ዘግቷት ነበር›› ቢል ማን ያውቅበታል? ሌሊቱን ያሰናዳውም ይኼንኑ ነበር።

‹‹እሷ ምንም አልሆነች፣ እትዬ›› አለ። ‹‹ግራ ጆሮዬ ደክሟል። በሱ እየለካሁ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ወደዚያኛው ጋራዥ ቢወስዷት አልቀየምም።››

መምህርቷ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

‹‹የኔም ግራ ዓይን ከአምና ጀምሮ ጭጋግ ለብሷል›› አሉት። ‹‹ለማንም አልተናገርኩም።››

ባለቱቦው ቁልፉን ሊሰጣቸው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ሐኪም እስኪያዩ እንደማይሰጣቸው ነገራቸው። ተከራከሩት፤ ቤታቸው ቅርብ መሆኑን፣ መንገዱን በጨለማም እንደሚያውቁት ነገሩት። እሱ ግን ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

‹‹እንግዲያው አንተው ታደርሰኛለህ፤ ሰኞም ሐኪም ቤት አንተው ትወስደኛለህ›› አሉ። ‹‹ካርቡሬተሮቹንም ማንም አይንካብኝ። አንተም ብትሆን በቀኝህ ብቻ።››

በሩን ራሳቸው ከፍተው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። በሠላሳ ዓመት በዚያ በኩል ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ቀበቶው የት እንዳለ አጡት።