የጥቁሩ ጭስ ባለቤት

አባቴ ከገጠር ወደ መካነ ሰላም የመጡት ለሕክምና ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው፣ በዚያ በጋ ግን አንድ አያ፣ አንዲት አንቀጽ እንኳ፣ አንብበው ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እኔ ከተማው ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር እኔው ዘንድ አረፉ።

ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሟ አስም መሆኑን ነግራን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«በሰፈራችሁ የሚቃጠል ነገር አለ? ጎማ? ፌስታል?» አለችኝ።

«ኧረ የለም።»

«እስኪ ደህና አድርገህ አጣራ። አቧራና ጭስ ሲበረታ ከቤት አይውጡ። መውጣት ግድ ከሆነም ጭምብል ያድርጉ፤ መንገድ ዳር ግን አይቀመጡ።»

አቧራውንስ አውቀዋለሁ። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሰፈሩ በአቧራ ይታፈናል። የመስኮቱን ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ፤ ደጁን ጠዋት ማታ ውሃ እረጫለሁ። ከሐኪሟ ጥያቄ በኋላ ግን አፍንጫዬ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። ደግሞም አገኘ። ጎህ ሲቀድ አባቴ ሱብሂ ሰግደው ሳይነሱ የተቃጠለ ጎማ ሽታ በበሩ ስር ሾልኮ ይገባል፤ ወዲያው ሳል ይይዛቸዋል።

አከራያችን ዳቦ ጋግረው ለሻይ ቤቶች የሚያስረክቡ አሮጊት ናቸው። ሳሉን ሲሰሙ ለአባቴ ትኩስ ወተት ይዘው መጡ።

«ያ ጎሚስታ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያረጀ ጎማ እያቃጠለ ሊፈጀን ነው።»

ጎሚስታው ከአጥራችን ማዶ ጎማ የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያደርገው ሁሉ ያጠራጥረኝ ገባ። ከሱቁ ጀርባ ጆንያ ይዞ ሲሄድ ካየሁ ሊያቃጥል ነው እላለሁ፤ ሰላም ሲለኝ ጥፋቱን ሊሸፍን ይመስለኛል። ቆይቶም ሰላምታውን መመለስ ተውኩ።

አንድ ማለዳ አባቴን ክፉኛ አፈናቸው። ደረታቸው እንደ ወናፍ እየሄደ መድኃኒቱን ሁለቴ ሳቡ። ትንሽ ሲረጋጉ ወደ ጎሚስታው ሮጥኩ። ገና ቁልፉን እየከፈተ ነበር።

«አባቴን ልትገድልብኝ ነው? አላህን አትፈራም?»

ሰውየው ደንግጦ አየኝ። ከዚያ ወደ እኛ ቤት ጣሪያ አመለከተ። «ወንድሜ፣ እኔ አሁን መድረሴ ነው። ጭሱ ከእናንተው ግቢ ነው የሚወጣው።»

ሊያታልለኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል ግን ጥቁር ጭስ ከቆርቆሯችን ኋላ ይትጎለጎላል።

ዞሬ ወደ ጓሮ ገባሁ። አሮጊቷ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው የተቆራረጠ ጎማና ፌስታል ወደ ዳቦ ምድጃው ይከታሉ።

«ማቀጣጠያ ብቻ ነው ልጄ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «እንጨቱ እርጥብ ሆነብኝ።»

«ጎሚስታው ነው ሲሉኝ አልነበር?»

«ካወቃችሁ ቤቱን ትለቃላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ልጮህባቸው አፌን ስከፍት አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እህቴ» አሏቸው ቀስ ብለው፣ «እርስዎስ ደረትዎ ደህና ነው?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው ሲያስሉ፣ ሳሉ ከአባቴ የባሰ ነበር።

በማግስቱ በደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ከአናጢ ቤት ባመጣሁላቸው ፍቅፋቂ መለኮስ ጀመሩ። እኔም በቆርቆሮ የጭስ መውጫውን ከጣሪያው በላይ አስረዘምኩላቸው። የአባቴ ትንፋሽ እየተሻለ ሄደ፤ ከመድኃኒቱ ይሁን ከጭሱ መቅረት አላውቅም።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። ጎማ ሲነድ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ አመድ ውስጥ ይቀራል። በየጠዋቱ ጓሮ ገብቼ አመዱን በእንጨት እቆሰቁሳለሁ። አንድ ቀን ሽቦ አገኘሁና ወስጄ አሳየኋቸው። እጄን ይዘው ወደ ጓሮው ጥግ ወሰዱኝ፤ ያገኘሁት ከድሮው የአመድ ክምር ተንሸራቶ የመጣ ዝገት የበላው ሽቦ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም።

ክረምቱ ገብቶ አቧራው ሲተኛ አባቴ ወደ አገራቸው ተነሱ። መናኸሪያ ሲደርሱ ጭምብላቸውን ራሳቸው አጠለቁ።

«ስለ ሽቦው ሴትዮዋን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በላቸው» አሉኝ።

«እሺ አባየ።»

የዚያኑ ዕለት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ይሁን፣ አባትህን አላህ ያሽራቸው» አሉኝ። ጎሚስታው ዘንድ ግን አልሄድኩም። አሁንም በደጁ ሳልፍ ሰላም ይለኛል፤ አሁን ቶሎ እመልስለታለሁ፣ ዓይኑን ግን ማየት አልቻልኩም።