«ባለቤቱ ይውጣ!» የሚሉን ጋሼ ስንሻው

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

ጠዋት የኮሌጅ ጓደኛዬ አበጀ ሲደውል ስለ ሥራ መስሎኝ እየሳቅሁ ነው ያነሳሁት። «ትርንጎ፣ ጋሼ ስንሻው ሞቱ» አለኝ። ተቆጣሁት። ዓርብ ዕለት እኮ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አግኝቻቸው፣ የቡሬው ሚኒባስ እስኪሞላ አብረን ቆመን ስናወራ ነበር። ትንሽ ያስላቸዋል። «ብርዱ ነው» አሉኝ። እኔም ብርዱ ነው ብዬ አመንኩ።

ዛሬ ወደ ክፍል ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ወደቁ አሉ። በቃ። ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው?

ለማታውቋቸው፦ ጋሼ ስንሻው ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ስንማር የሶፍትዌር ዲዛይን መምህራችን ነበሩ። እንደ ሌላው መምህር ከመጽሐፍ ገልብጠው አያስጽፉም። የሚያስተምሩት በኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን፣ የዓለም ሰው በጋራ የሚሠራውን እውነተኛ ፕሮግራም አምጥተው ፊታችን ይዘረግፉታል። ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው፣ በፍላሽ ጭነው፣ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውልን ይመጡ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ኮዱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። «የሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ምሰሶው የቱ እንደሆነ እዩ። ምሰሶውን ሳታውቁ ግድግዳ እንዳትነኩ!» ይሉናል።

ፈተናቸው ግን ጉድ ነበር። አንዳችን የሠራውን ፕሮግራም ለሌሎቹ ያስረክቡና «ባለቤቱ ይውጣ!» ይላሉ። ባለቤቱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይቆማል። የቀሩት እሱ በሌለበት ኮዱን አንብበው አንድ ነገር ይጨምሩበታል። ከጨነቃቸው በሩን ከፍተው ሊጠሩት ይችላሉ። ነጥብ የሚቀነሰው ግን ከጠሪዎቹ አይደለም፤ ከተጠራው ነው።

እኔ መጀመሪያ ቀን እየተጠራሁ ወጣ ገባ ስል ዋልኩ። በመጨረሻ አለቀስኩ። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? ኮዱ እኮ ይሠራል!»

«ይሠራል እንጂ። አንቺ ካለሽ ይሠራል የኔ ልጅ። ነገ ባትኖሪሳ?»

አንዱን ነገር ደግሞ እያለቀስኩም ያስቀኛል። የፈረስ ቤት ከተማው ልጅ አበጀ፣ ክሊኒኮች የበሽተኛ ቀጠሮ የሚይዙበት አንድ ነፃ ፕሮግራም ላይ ስሕተት አገኘ። ጳጉሜ ላይ የተያዘ ቀጠሮ ሁሉ ይጠፋል። አስተካክሎ ላከ። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው ፈረንጅ አልቀበልም አለ። እኛስ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላክን! ከክፍሉ በዕድሜ ከፍ ያሉትን ሦስት መረጥን፤ አንዱ እንዲያውም ዲያቆን ነው። በየተራ «ስለ ፈጣሪ ብለው ልጃችንን አያሳፍሩብን፣ እግርዎ ላይ ወድቀናል» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉለት። ሰውዬው ምን እንደመጣበት ግራ ገብቶት ሽማግሌዎቹንም አበጀንም አገዳቸው።

ጋሼ ሲሰሙ ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ «እናንተ ልጆች፣ ሽማግሌ የሚላከው ነገሩን አውቆ እንቢ ላለ ሰው ነው። ይህ ሰው ጳጉሜን ከየት ይወቃት? አስረዱት እንጂ አትለምኑት» አሉን። ለሰውዬው ራሳቸው ይቅርታ ጻፉልን፤ እገዳውን አነሳልን። እኛም ቁጭ ብለን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ማለት ምን እንደሆነና ኮዱ ለምን እንደተቀየረ አንድ በአንድ አስረዳን። ተቀበለው። ያን ቀን የክፍሉ ሴቶች እልልታ ገበያ ድረስ ተሰምቷል።

ዛሬ አበጀ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ትርንጎ፣ አሁን ለማን ሽማግሌ እንላክ?» አለኝ።

የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ትምህርት ያለው በሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። የትኛውን ፕሮግራም ለየትኛው ተማሪ እንደሚሰጡ፣ ከየት ጀምረው የት እንደሚያደርሱ፣ አንዱንም አልጻፉትም። ዓርብ ዕለት እንኳ «ጋሼ፣ ይጻፉት እንጂ» ስላቸው፣ «የት እሄድብሻለሁ ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሁላችንንም ከክፍል ያስወጡን ሰው፣ ራሳቸው አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም።

ከሰዓት ከኮሌጁ ተደወለልኝ። ተማሪዎቹ መሞታቸውን ማንም ሳይነግራቸው ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቋቸው አርፍደዋል። «የሳቸውን መንገድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ትቀጥይላቸዋለሽ ወይስ ትምህርቱን እንዝጋው?» አሉኝ። ምን ልበል? እኔ ቡሬ ቢሮ ተቀምጬ ፕሪንተር የምጠግን ሰው ነኝ። ማን ሲያለቅስ ዝም እንደሚባል፣ ማን ሲያለቅስ እንደሚቆጡት አላውቅም። አልችልም አልኩ። ይኸው እስካሁን ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ። መልሼ ልደውል እልና እጄ እንቢ ይለኛል።

«እግዜር ያጥናሽ» አትበሉኝ። ዛሬ አልጠናም። የሞተብን አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ቀብራቸው ነገ በተወለዱበት በማንኩሳ ነው። የምትችሉ ድረሱ። ባለቤታቸው ብቻቸውን ናቸው።

ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ ልልዎት ነበር መጻፍ የጀመርኩት። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ባለቤቱ ወጡ። እኛ ውስጥ ቀርተናል። የተዉልንን እያገላበጥን ነው፣ ግን አልገባንም ጋሼ። ጨንቆናል። በሩን ከፍቼ ቆሜ እየጠራሁዎት ነው።

ነጥብዎ ይቀነስ። ብቻ ይግቡ።