የሳጥኑ ስድስተኛ ገጽ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አዲሱን የማሽላ ሳጥን ከውጭ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነበር። ሳጥኑ በሁሉም ጎኑ አንድ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ማሽላ ይይዛል።

"ስድስት ካሬ ሜትር ነው፤ ዘይቱ አይበቃም" አልኩት።

"አምስት ነው። ታቹን ማን ያየዋል?"

"ምስጥ ያየዋላ፣ አንተ ሰውዬ!"

"እሺ የኔ መምህር፣ ከጁምዓ በኋላ እንገለብጠዋለን" ብሎ ሳቀ። ጁምዓ ሳይደርስ ሞተ።

ዛሬ ሳጥኑን ልጠርግ ስጠጋ የተቃጠለው የሞተር ዘይት ሽታ አባቴን አመጣብኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ከጀውሃ ጋራዥ በጀሪካን ባመጣው ዘይት ጨርቅ እየነከረ ሳጥን ሲቀባ፣ እኔ "ጎን ሲባዛ በጎን፣ ሲባዛ በስድስት" እያልኩ እዞረው ነበር። አምስቱን ጨርሶ ሳጥኑን ገለበጠና ታቹን በመዳፉ መታ።

"ሰው የሚሰንፈው እዚች ላይ ነው፣ ልጄ። ሁሌ ለነገ ይላታል!"

ስለ ሳጥን ይህን ያህል ምን ያስቆጣዋል ብዬ ገርሞኝ ነበር። አሁን እኔም ተቆጥቻለሁ፤ የምቆጣው ሰው ግን የለም። ማሽላው ደግሞ በዚህ ሳምንት ይገባል። የጎደለውን ዘይት አስመጥቼ፣ ሳጥኑን ብቻዬን በጎኑ አጋድሜ ታቹን እየቀባሁ ነው።