ስኳሩ ተመለሰ

መጀመሪያ ያወቁት ጉንዳኖቹ ናቸው። ድመቷ በግቢው ጥግ አሸዋውን ጭራ ትሸናለች፣ መልሳ ታለብሰዋለች፣ ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ዞር ብላ ሳታይ ትሄዳለች። ያን ቀን ከምሠራበት ከጉምሩክ ለምሳ ስመለስ ያለበሰችውን አሸዋ ጉንዳን ወሮት አገኘሁ። አሰብ ውስጥ ጉንዳን አይቶ የሚደነግጥ ሰው የለም። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ጉንዳን ሽንት ላይ የሚሰፍረው ሽንቱ ሲጣፍጠው እንደሆነ ሚስቴ አስተምራኛለች።

ሁለቱም ስኳር ነበረባቸው፤ ሚስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ድመቷ ደግሞ ካረጀች በኋላ። ባለፈው ዓመት ድመቷ ከውሃ አጠገብ አልነሳ ብላ፣ ከስታ፣ የኋላ እግሮቿን መሬት ለመሬት እየጎተተች መራመድ ስትጀምር፣ እኔ «እርጅና ነው» አልኩ። ሚስቴ ጥጉ ላይ ጉንዳኑን አየችና «ይሄማ የኔው ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቤታችን ውስጥ ሁለት መርፌ ሆነ። የመስታወት መርፌዋን በላምባ ምድጃ ትቀቅልና መጀመሪያ የራሷን ጭን፣ ቀጥላ የድመቷን ማጅራት ትወጋለች። ፍሪጅ ውስጥ ካሉት የኢንሱሊን ብልቃጦች የተጀመረውን ለመለየት ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍበታለች። አንዱ ሳያልቅ ሌላ መክፈት ለእሷ ነውር ነበር። እኔ መርፌ ማየት አልወድም፤ ፊቴን አዙሬ ሻዬን እጠጣለሁ። «ድመቷ እንኳ ካንተ ትሻላለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ፓስታውንም ዳቦውንም ከልክላ ዓሣ ብቻ አበላቻት። ወራት አለፉና መድኃኒቱን እየቀነሰች፣ እየቀነሰች፣ በመጨረሻ ተወችው። ድመቷ ዳነች፤ አጥር ላይ መውጣትም ጀመረች። የሚስቴ ስኳር ግን ኩላሊቷን ነካው። ፊቷና እግሯ ሲያብጥ ለሕክምና አዲስ አበባ፣ እህቷ ዘንድ እንድትሄድ ተወሰነ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስንሰናበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ስለ እኔ አንድ ነገር ልትል መስሎኝ ነበር። «አሮጊቷን እስክመጣ ጠብቅልኝ» አለች።

አሮጊቷ ድመቷ ናት። ጠበቅኳት፤ ግን አጥር አለ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሩኅሩኅ ጎረቤት አለች። ባሏ በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ነው፤ እሷ የወሎ ልጅ ናት፣ ሲበዛ ሆደ ባሻ። «እናቷ የሄደችባት» እያለች ዳቦ በጣሳ ወተት ነክራ ታጎርሳት ኖሯል። ጉንዳኑን ሳሳያት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ሆዷ እንዳይባባ ብዬ ነው እኮ ጋሼ!» አለችኝ።

በዚያው ቀን ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ አስደወልኩ። ያን ጊዜ ስልክ በጩኸት ነው፤ ከስልክ ሳጥኑ ውስጥ የሚናገረውን ሰው አዳራሹ ሙሉ ተቀምጦ ይሰማዋል።

«አሮጊቷ እንዴት ናት?» አለች ሚስቴ።

«ስኳሩ ተመለሰ!»

«ምን?»

«ስኳሩ! ተመለሰ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ወጥቼ እያዘንኩ በባሕሩ በኩል ዞርኩና ወደ ቤቴ አመራሁ። ስኳር ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ከጠፋ ከርሟል፤ ሻያችንን በተምር ነበር የምንጠጣው። ሱቁ ጋ ስደርስ ሴቱ ጣሳውን፣ ወንዱ ከረጢቱን ይዞ ተሰልፏል። ጎረቤቴ ከሰልፉ መሐል እጇን እያወዛወዘች «ጋሼ ይሩጡ፣ ስኳር ተመልሷል!» አለችኝ። መቼም የሰው ልጅ ነኝ፤ እኔም ተሰለፍኩ።

ፀሐዩ አናታችንን ሲጠብሰው ከቆየ በኋላ ባለሱቁ ወጣና ወሬውን ከየት እንዳመጣነው ጠየቀ። አንዷ ከቴሌ ሰማሁ አለች። ሌላው «አንድ የጉምሩክ ሰው ለአዲስ አበባ ሲያስታውቅ ነው የተሰማው፤ የጉምሩክ ሰው ካለ መርከቡ ገብቷል ማለት ነው» ሲል፣ ከእግሬ ሥር ያለው መሬት ቢከፈት ደስ ባለኝ። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ከሰልፉ ወጣሁ።

በማግስቱ ቀበሌ ጠሩኝ። ሊቀመንበሩ ወንበር አልሰጠኝም። «ጓድ፣ አሉባልታ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም።

«ስለ ድመቴ ነው የተናገርኩት» አልኩት።

«ድመት?»

«ድመት። የስኳር በሽታዋ ተመልሶባት ነው።»

ሊቀመንበሩ አንድ ጎልማሳ አብዮት ጠባቂ ሄዶ እንዲያጣራ አዘዘ። ሰውዬው ጠመንጃውን አንግቶ ግቢዬ ደረሰ፤ ድመቷን አየ፣ ጥጉን አየ፣ ተመለሰና እግሩን ገጥሞ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እውነት ነው፤ ጉንዳኑም ተሰልፏል» አለ። ሊቀመንበሩ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልቻለም። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ይህን በስልክ ስነግራት ሚስቴ እስኪያስላት ሳቀች። «አንተም ተሰለፍክ?» ትለኛለች፤ «አዎ» ስላት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሳቋ ሽቦውን አልፎ ሲመጣ እንደ ድሮው ነበር፤ ሕመም ያለበት ሰው ሳቅ አይመስልም። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ አስተማረችኝ። «ማጅራቷን በሁለት ጣትህ ቆንጥጠህ አንሣው። መርፌው ላይ አንድ መስመር ብቻ ቅዳ። ዓሣዋን ሳትበላ እንዳትወጋት። ከተንቀጠቀጠች ስኳር በጥብጠህ ድዷ ላይ ቅባላት። ፊትህን ደግሞ እንዳታዞር፣ እጅህን ትወጋለህ!»

ፊቴን አላዞርኩም። መርፌው ሲገባ ድመቷ መዳፏን ትልስ ነበር፤ ያላበው እኔን ነው።

ፍሪጁ ውስጥ የተረፈው ሲያልቅ፣ ለሰው እንኳ ተመጥኖ የሚሰጠውን መድኃኒት ለድመት ብዬ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም። ሚስቴ ከራሷ ድርሻ እየከፈለች ትልክልኝ ጀመር። እህቷ ብልቃጡን በረዶ የተሞላ ፔርሙስ ውስጥ ከትታ ወደ አሰብ ለሚበር ሰው አደራ ትሰጣለች፤ እኔ በአውሮፕላን ቀን ሄጄ እቀበላለሁ። ከሚወርዱት መሐል እሷን እፈልጋለሁ። እንደማትመጣ እያወቅሁ እፈልጋለሁ። ፔርሙሱን ተቀብዬ በብብቴ ሥር ሳደርገው በዚያ ሙቀት ቅዝቃዜው ደስ ይለኛል፤ የእሷ እጅ የነካው ነገር ነው።

አንድ ቀን ለምሳ ስገባ ድመቷ የጠዋቱን ዓሣ አስመልሳ፣ እንደ ሰካራም እየተወላገደች፣ መላ አካሏ ሲንቀጠቀጥ አገኘኋት። መድኃኒቱ ባዶ ሆዷን አግኝቶ ስኳሯን ጨርሶት ኖሯል። ስኳር! በቤቴ ስኳር የለም፤ በሠፈሩም የለም። በአጥሩ ላይ «ስኳር! ስኳር!» እያልኩ ተጣራሁ። ጎረቤቴ ሮጣ መጣች፤ ከጉያዋ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጣች። «ባሌ ከመንገድ ሲመጣ ለሻዩ ብዬ የደበቅኳት ናት» አለች፣ እየፈታችው። በውሃ በጥብጣ፣ እንደነገርኳት በጣቷ የድመቷን ድድ ቀባች። ቀባቻት፣ ጠበቅን፣ ደግማ ቀባቻት። ድመቷ መንቀጥቀጧን ትታ ጣቷን መላስ ስትጀምር፣ ጎረቤቴ እንባዋን እየጠረገች «አሁን ገና ስኳር ተመለሰ» አለችኝ።

ሁለታችንም የሄደብንን የምንጠብቅ ሰዎች ነበርን። የእሷ ግን ከመንገድ ይመለስላታል፤ መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ከሩቅ ታውቀዋለች። ቀናሁባት፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት። እኔና ሚስቴ ለሙቀቱ ብለን ግቢ ውስጥ የምንዘረጋቸው ሁለት አልጋዎች ነበሩን፤ የእሷን አላስገባሁትም። ድመቷ ትተኛበታለች፤ እግሯ ጠንቶ ራሷ ዘላ ትወጣበት ጀምራለች። እንዲህ እየጠናች ከሄደች ሚስቴም ትጠናለች የሚል ነገር በልቤ ገብቶ ነበር። ምክንያት አልነበረውም፤ ግን በየማለዳው መርፌውን ስቀቅል የምጸልየው ለሁለቱም ነበር።

ከዚያ አንድ የአውሮፕላን ቀን ከሰዓት በኋላ ፔርሙሱ ከብዶ መጣ። ቤቴ አድርሼ ስከፍተው ብልቃጡ ብዙ ነው። ደስ አለኝ፤ «ጎበዝ፣ አገኘች ማለት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለድመቷ። አንድ በአንድ አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ ስደረድር የመጨረሻው ግማሽ ነበር። ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ያ የእሷ ነው። በየማለዳው የምትወጋበት፣ የጀመረችው። እሱ እዚህ ከመጣ እሷ ዛሬ በምን ተወጋች? መድኃኒት ቀይረውላት ይሆናል አልኩ። ብልቃጡን በእጄ ይዤ ብዙ ቆምኩ። አልቀየሩላትም። እህቷ ድመቷ እንዳትቸገር ብላ፣ በለቅሶ መሐል የቀረውን ሁሉ ሰብስባ ልካዋለች፤ ፕላስተሩ ምን እንደሚናገር እሷ በምን ታውቃለች?

ቴሌ አልሄድኩም። ብደውልም አይነግሩኝም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከቤት ሳልወጣ ይመጣል። ጎረቤቴ ያን ማታ በአጥሩ በኩል ሰላም ስትለኝ ዓይኔን አላየችም። እሷም ሰምታለች፤ ለነገ ጠዋት ተቀጣጥረዋል። እኔም ሥርዓቱን ላበላሽባቸው አልፈለግሁም።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ። መርፌውን ቀቀልኩ። ድመቷ ዓሣዋን ከበላች በኋላ ፕላስተር ካለበት ብልቃጥ አንድ መስመር ቀድቼ፣ ፊቴን ሳላዞር ወጋኋት። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረግሁና በቤት ያሉትን ወንበሮች ሁሉ ግቢ ውስጥ ደረደርኩ።

ቄሱ ከፊት፣ የቢሮ አለቃዬ ቀጥሎ፣ ጎረቤቴ ከነባሏ ከኋላ ሆነው ገቡ። እሷ ወንበሮቹን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ከዚያ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ቄሱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ እንዲያው ስለ ባለቤትህ . . .» ብለው ጀመሩ። ድመቷ ከአልጋዋ ወርዳ፣ በአራት እግሯ ቀጥ ብላ እየተራመደች፣ የመጣውን ለማየት ወደ በሩ ሄደች።